በስክሪን የተገኘውም ተሰብሳቢ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ከቤት ሆኖ ስለ መሥራት በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አነበብኩት። ጸሐፊው ሠራተኛው ቤቱ ሲውል ሥራ ይበደላል ወይስ አይበደልም በሚለው ላይ ብዙ ደክመዋል። ሳይነሳ የቀረ አንድ ጉዳይ ስላለ ግን ይህንን ጻፍኩ። እርሱም ግማሹ ሰው በክፍል፣ ግማሹ በስክሪን የሚገኝበት ስብሰባ ነው። የርቀት ሥራን ስም የሚያጠፋው ከሁሉ ይልቅ ይህ ድብልቅ ስብሰባ ይመስለኛል። ሦስት ዓመት ከቤቴ ሆኜ ሒሳብ ስሠራ ደጋግሜ ያየሁት ነገር ነው።

አንድ ቀን የዓመቱን በጀት ለመዝጋት ተሰበሰብን። ሰባት ባልደረቦቼ አንድ ጠረጴዛ ከበዋል፤ እኔና አንዲት የሥራ ጓደኛዬ በየቤታችን ነን። እኛን የያዘው ላፕቶፕ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ስለተቀመጠ የሚታየኝ የአንድ ሰው ትከሻና የጣሪያው መብራት ብቻ ነበር። ከማይክሮፎኑ አጠገብ ያለው ሰው ወረቀት ባገላበጠ ቁጥር ጆሮዬን ይበሳኛል፤ ከወዲያኛው ጫፍ የሚናገሩት ሰብሳቢ ግን ድምፃቸው ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ሳቅ እሰማለሁ፤ ምን እንዳሳቃቸው ግን አልሰማሁም። በመካከሉ አንድ የወጪ ርዕስ ሁለት ጊዜ መደመሩን አየሁና “ይቅርታ፣ አንድ ነገር ነበረኝ” አልኩ። ሌላ ሰው ቀደመኝ። ጥቂት ቆይቼ ደገምኩት፤ አሁንም ተቀደምኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ስጀምር ስብሰባው አብቅቶ ኖሮ፣ አንድ እጅ መጣና ላፕቶፑን ከደነው። እየተናገርኩ ስክሪኑ ጠቆረ። ያንን ስሕተት በኋላ ለማረም ሁለት ሳምንት ፈጀብን።

ማንም ሊንቀኝ አስቦ አልነበረም። ባልደረቦቼ ደጋግ ሰዎች ናቸው፤ እኔም ስከፋባቸው ሰነበትኩና በኋላ ጥፋቱ ከአቀማመጡ መሆኑ ገባኝ። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሥር ቋንቋዎች ላይ የታተመ አንድ ጥናት ሰዎች ሲነጋገሩ ጥያቄው አልቆ መልሱ እስኪጀመር ያለው ክፍተት በአማካይ 200 ሚሊ ሰከንድ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። የሰከንድ አንድ አምስተኛ ማለት ነው፤ ዓይን ጨፍኖ ከመግለጥ ጋር የሚቀራረብ ጊዜ ነው። በኢንተርኔት የሚሄድ ድምፅ ደግሞ ተጨምቆ፣ በትንንሽ ጥቅሎች ተከፋፍሎ፣ እዚያ ደርሶ እንደገና እስኪገጣጠም ጊዜ ይወስዳል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለአንድ አቅጣጫ ጉዞ ከ150 ሚሊ ሰከንድ በታች ያለውን መዘግየት ለአብዛኛው ንግግር ተስማሚ ይለዋል። እንግዲህ መንገዱ መልካም በሆነበት ቀን እንኳ የክፍሉ ጸጥታ እኔ ጋ ዘግይቶ ይደርሳል፣ የእኔም ቃል ዘግይቶ ይመለሳል። ሁለቱ ሲደመሩ እኔ “ይቅርታ” ስል በጠረጴዛው ዙሪያ ሌላ ሰው ጀምሯል። በርቀት ያለው ሰው የሚቀደመው ዓይን አፋር ስለሆነ አይደለም፤ ፉክክሩ ሲጀመር ወደ ኋላ ተደርጎ ስለቆመ ነው።

ከዓይን የራቀ ሰው በሥራውም ይረሳል። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቹ በቻይናው የጉዞ አገልግሎት ድርጅት በሲትሪፕ ለዘጠኝ ወር ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ከቤታቸው የሠሩት የጥሪ ማዕከል ሠራተኞች የሥራ ውጤት በ13 በመቶ ጨምሮ ነበር፤ ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። እምብዛም የማይጠቀሰው፣ ከሥራ ውጤታቸው ጋር ሲመዘን የደረጃ ዕድገት የማግኘት ዕድላቸው መቀነሱ ነው። እኔን ያንን ቀን የገጠመኝና ይህ ዘመዳሞች ናቸው እላለሁ።

የምጠይቀው ነገር ገንዘብ አያስወጣም። አንድ ሰው እንኳ በርቀት የሚገኝ ከሆነ፣ ሁሉም በየራሱ ኮምፒውተርና በየራሱ የጆሮ ማዳመጫ ይግባ፤ ቢሮ ያለውም ከየጠረጴዛው። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ክፍት ማይክሮፎንና ድምፅ ማጉያ ሲገናኙ የሚፈጠረው ጆሮ የሚያደነቁር ጩኸት ስላለ፣ ያለ ጆሮ ማዳመጫ ጎን ለጎን ተቀምጦ መግባት አይበጅም። መስመሩ ሲደክም ደግሞ መጀመሪያ የሚዘጋው ካሜራው ይሁን። የዲጂታል ስልክ መስመር ድምፅን በሰከንድ በ64 ኪሎ ቢት (የመረጃ መጠን መለኪያ ነው) ሲያስተላልፍ ኖሯል፤ የዛሬዎቹ የድምፅ መጭመቂያዎች ከዚያም ባነሰ ይሠራሉ። ጥራት ያለው የቪዲዮ ምስል ግን በሰከንድ ከ1,000 ኪሎ ቢት በላይ ይፈልጋል። ሰው ፊቴን ባያይ ስብሰባው አይፈርስም፤ ቃሌን ካልሰማ ግን እዚያ መኖሬ ምንም አይደለም።

መንገድ ተጉዞ ቢሮ የገባ ሰው “ታዲያ ለምን መጣሁ? ብቻዬን ስክሪን ላይ ለማፍጠጥ ነው?” ቢል እውነት አለው። ፊት ለፊት መተያየት የሚሰጠውን ነገር አላቃልልም፤ አዲስ ሰው ከባልደረቦቹ ጋር የሚላመደው፣ የተቀያየመም የሚታረቀው አብሮ ሲቀመጥ ነው። ለዚያ ቀን ይቆረጥና ሁላችንም በአካል እንምጣ። እኔ የምቃወመው መሐል ሰፋሪውን ነው። ሁሉም በየጠረጴዛው መግባት ካልቻለ ደግሞ፣ ቢያንስ ማይክሮፎኑ በጠረጴዛው መካከል ይቀመጥ፤ አንድ ሰው ስክሪኑን እንዲጠብቅ ይመደብ፤ ሰብሳቢውም በእያንዳንዱ አጀንዳ መጀመሪያ ዕድል የሚሰጡት በርቀት ላለው ይሁን።

እኛ ጋ ይህ ተሞክሯል። ከዚያ የበጀት ስብሰባ በኋላ ጥያቄዬን በጽሑፍ አቀረብኩና አለቃችን ተቀበሉት። በመጀመሪያው ቀን ሁላችንም እኩል በእኩል በሆኑ ትንንሽ መስኮቶች ውስጥ ታየን። የሰብሳቢው ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርት ብሎ ተሰማኝ፤ ጉንፋን ይዟቸው እንደነበር እንኳ አወቅሁ። ያልጠበቅሁት ግን ሌላ ነው። ሁልጊዜ በክፍሉ ጥግ እየተቀመጠ ቃል ሳይወጣው የሚሄድ አንድ ባልደረባችን እጁን አነሳና ስለ ክፍያ ሰነዶች አመዘጋገብ አሥር ደቂቃ ያህል ተናገረ። ለካ እርሱም እንደ እኔ ሲቀደም ኖሯል፣ ያውም እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ።

በሚቀጥለው ጊዜ ስለዚህ ጉዳይ ስትጽፉ፣ አለቆችን ስንት ሰው ከቤት እንደሚሠራ ብቻ አትጠይቁልን። በስብሰባ ጊዜ ላፕቶፑ የት እንደሚቀመጥም ጠይቁልን።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ