ኮቱን ያንቺ ወንድም ነበር ያዋሰን

እንዴት ነሽልኝ የኔ ውድ? ማዘርስ ደህና ናቸው? አራት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ስል «ከየት ተገኘሽ?» እንደምትዪ አውቃለሁ። ምክንያት አልደረድርም። መጀመሪያ ሥራ ነበር፣ ኋላ እፍረት ሆነ።

ባለፈው እሁድ እዚህ ፓሪስ ኦርሴ ሙዚየም ገባሁ። የወሩ የመጀመሪያ እሁድ በነፃ ነው፤ ታውቂኛለሽ፣ ነፃ ነገር አላልፍም። ኤድዋር ማኔ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1863 የሣላት «ኦሎምፒያ» እዚያ አለች። ራቁቷን ተጋድማ ዓይን ዓይንሽን ታይሻለች። በ1865 ለሕዝብ ስትታይ ከተማውን አንጫጭታ ነበር። እኔ ግን ዓይኔ የቀረው ከኋላዋ አበባ ይዛ በቆመችው ጥቁር ሠራተኛ ላይ ነው። ሎር ትባላለች። ቤይሩት ሰው ቤት ሳለሁ ትሪ ይዤ እንዲያ ነበር የምቆመው። የተጋደመችው ሴት ዞር ብላ እንኳ አታያትም።

ማታ ስልኬ ላይ ስጎረጉር ያሱማሳ ሞሪሙራ የሚባል የጃፓን አርቲስት፣ የኦሳካ ሰው፣ አገኘሁ። በ1988 ያንኑ ሥዕል በራሱ ገላ ፎቶ አድርጎታል። ወንድ ነው እኮ! ቢጫ ዊግ አጥልቆ፣ ኪሞኖ የሚሉትን የጃፓን ልብስ አንጥፎ፣ እጁን እንደሷ ጭኑ ላይ አሳርፎ ተጋድሟል። በማኔ ሥዕል ላይ እግሯ ሥር ባለችው ጥቁር ድመት ፈንታ ጃፓን ሱቅ ደጃፍ ላይ እጇን አንሥታ ገበያ የምትጠራዋን ድመት አስቀምጧል። ሠራተኛዋም እሱው ነው፣ ፊቱን አጥቁሮ። «ፉታጎ» ብሎታል፤ መንታ ማለት ነው። ፊቱን ማጥቆሩ ከንክኖኛል፣ አልደብቅሽም። ግን እመቤቷና ሠራተኛዋ አንድ ፊት ሲኖራቸው ማን ማንን እንደሚያገለግል ግራ ይገባሻል።

ያኔ ያ የፒያሳው ፎቶ ቤት ትዝ አለኝ። አንቺ የወንድምሽን ኮት ለብሰሽ፣ በኩል ጢም ሥለሽ። እኔ የማዘርን ነጠላ ተከናንቤ። ከኋላችን በቀለም የተሣለ ፏፏቴ። ፎቶ አንሺው «ሙሽሮች፣ ጠጋ በሉ!» እያለ ይስቃል። ኮቱ ገና ትከሻሽ ላይ ሲያርፍ እግርሽን አንፈራጠሽ ቆምሽ። እኔ ደግሞ አንገቴን ደፋሁ። ማንም ድፊ አላለኝም እኮ።

ፎቶው አንቺ ጋ ነው መሰለኝ። ካለ በቴሌግራም ላኪልኝ። ለገና እመጣለሁ፤ ፎቶ ቤቱ ካልፈረሰ እንደገና እንነሣለን። ኮቱን ግን እኔ ነኝ የምለብሰው።

ያቺው ጠፊ ጓደኛሽ