ስለ ኤንኤፍቲ ለጠየቃችሁን ደንበኞቻችን በሙሉ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ? "ሥራዬን ኤንኤፍቲ አድርጉልኝ፤ ስንት ታስከፍላላችሁ?" የሚል ጥያቄ ከብዙዎቻችሁ ደርሶናል። ሠዓሊዎች ጠይቃችሁናል፣ ፎቶ አንሺዎችም፣ ሎጎና ማሸጊያ የሠራንላችሁ ባለ ካፌዎችም። ለእያንዳንዳችሁ በስልክ ከምንመልስ አንድ ላይ ብንጽፍ ይሻላል ብለን ነው። መልሳችን አጭር ነው፤ ይህን አገልግሎት አንሰጥም። ለምን እንደማንሰጥ ግን በደንብ ልንነግራችሁ እንፈልጋለን። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍናቸው።)

ከነገሩ ምንነት እንጀምር። ለጓደኛችሁ መቶ ብር አበድራችሁ ሌላ መቶ ብር ቢመልስላችሁ ቅር አይላችሁም። መኪና አውሳችሁት ሌላ መኪና ይዞ ቢመጣ ግን ጉድ ይፈላል። መኪናው የራሱ የሻንሲ ቁጥር፣ የራሱ ሊብሬ አለው። ኤንኤፍቲም በኮምፒውተር መዝገብ ላይ የሰፈረ ሊብሬ ነው ብላችሁ አስቡት። መዝገቡ ብሎክቼይን ይባላል። ግልባጩ በብዙ ሺህ ኮምፒውተሮች ላይ ስለሚቀመጥ አንድ ሰው ሹልክ ብሎ ሊደልዘው አይችልም። ይህ ትልቅ ብልሃት ነው፤ አናጣጥለውም።

ችግሩ የሚመጣው ሊብሬውን ይዘን መኪናውን ስንፈልግ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሥዕሉ ራሱ መዝገቡ ውስጥ አይገባም፤ ወጪው ከባድ ስለሆነ ሌላ ቦታ ይቀመጥና መዝገቡ ላይ አድራሻው ብቻ ይጻፋል። ኤፍቲኤክስ የተባለው የክሪፕቶ (በኢንተርኔት ብቻ የሚዘዋወር ገንዘብ) መገበያያ በ2022 ሲከስር፣ በእሱ በኩል የተሠሩ ኤንኤፍቲዎች ሥዕላቸው ከቦታው ጠፋ። አድራሻውን የከፈተ ሰው የሚያገኘው ስለ ድርጅቱ ኪሳራ የሚገልጽ ገጽ ነበር።

ከዚህም የሚብስ አለ። መዝገቡ ሥራውን ማን እንዳስመዘገበው ያውቃል። ማን እንደሣለው ግን አያውቅም። የእናንተን ሥዕል ከኢንስታግራም ወስዶ በራሱ ስም የሚያስመዘግብን ሰው መዝገቡ አይከለክለውም። ገዢውም ቢሆን ኤንኤፍቲውን ስለገዛ ብቻ የቅጂ መብቱን አያገኝም። በእኛ አገር አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት ይህ መብት ለሌላ ሰው ሲተላለፍ በጽሑፍ መሆን አለበት።

ዋጋውን ሰምታችሁ እንደጓጓችሁ እናውቃለን። ቢፕል የተባለው አሜሪካዊ የዲጂታል ሠዓሊ በመጋቢት 2021 አንድ ሥራውን በክሪስቲስ ጨረታ ከ69 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሸጧል። እውነት ነው። በዚያው ወር የትዊተር መሥራች ጃክ ዶርሲ የመጀመሪያ ትዊቱን በ2.9 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። የገዛው ሰው በዓመቱ መልሶ ለጨረታ ሲያቀርበው ግን ጨረታው ሲዘጋ የቀረበለት ከፍተኛ ዋጋ 300 ዶላር እንኳን አልሞላም።

"ሥራው በተሸጠ ቁጥር ለሠዓሊው ኮሚሽን ይገባል" የሚለው ተስፋም እንዲሁ ሆነ። እኛንም በጣም ማርኮን የነበረው ይህ ነው፤ ሥዕሉ በሦስተኛው ገዢ እጅ ሲወደድ ሠዓሊው ምንም የማያገኝበት አሠራር ሁሌም ያሳዝነናል። ነገር ግን ከትልልቆቹ የኤንኤፍቲ ገበያዎች አንዱ የሆነው ኦፕንሲ በ2023 ክፍያውን ማስገደድ ትቶ ለሻጩ ፈቃድ ተወው።

ካፌ ላላችሁ ደግሞ፦ ስታርባክስ ለደንበኞቹ በኤንኤፍቲ የሚሠራ የሽልማት ፕሮግራም በታኅሣሥ 2022 ጀምሮ በመጋቢት 2024 መጨረሻ ዘግቶታል። ያን ያህል ገንዘብ ያለው ድርጅት ካልገፋበት፣ እናንተ በማኅተም የምትመቱት "አሥረኛው ቡና በነፃ" ካርድ ለጊዜው ይበቃል።

አሁን በጣም ወዳሳሰበን ነገር እንምጣ። ከእናንተ መካከል በኢንስታግራም መልእክት የደረሳችሁ አላችሁ። አንድ የማታውቁት ሰው "ሥራሽን ወድጄዋለሁ፣ እያንዳንዱን በ2 ኢቴሪየም እገዛሻለሁ" ይላል። ኢቴሪየም አንዱ የክሪፕቶ ዓይነት ነው፤ ሁለቱ ሲሰላ ብዙ ሺህ ዶላር ነው። ከዚያ ወደ አንድ ድረ ገጽ ይመራችኋል፤ ሥራውን እዚያ ለማስመዝገብ "ጋዝ" የሚባል ክፍያ አስቀድማችሁ ክፈሉ ይላል። ክፍያው ራሱ በእውነተኛው የኢቴሪየም መዝገብ ላይም ያለ ስለሆነ ነው ሰው የሚታለለው። ከከፈላችሁ በኋላ "ተሸጧል" የሚል ጽሑፍና ትልቅ ቁጥር ታያላችሁ፤ ገንዘቡን ለማውጣት ግን ሌላ ክፍያ፣ ከዚያም ሌላ። ገዢም የለም፣ ሽያጭም የለም። አንዳንዶቹ ደግሞ የዋሌታችሁን (የክሪፕቶ ቦርሳችሁን) መክፈቻ የሆኑትን 12 ወይም 24 ሚስጥራዊ ቃላት ይጠይቃሉ። እነዚያን ቃላት ለማንም፣ ለእኛም ቢሆን፣ አትስጡ።

ሕጉም አለ። ብሔራዊ ባንክ በ2022 በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አሳውቋል፤ ኤንኤፍቲ ደግሞ በአብዛኛው የሚሸጠው በክሪፕቶ ነው። ንግድ ፈቃዳችንንም እናንተንም አደጋ ላይ የሚጥል ሥራ አንሠራም።

ጥያቄያችሁ ግን ትክክለኛ ነው። ሥራዬ የእኔ መሆኑን በምን ላረጋግጥ ነው የምትሉት። ለዚህ እኛ የምንችለው አለ። ከአሁን ጀምሮ ለምናትመው ለእያንዳንዱ ሥዕልና ፎቶ ቁጥር ያለው፣ ሠዓሊው የሚፈርምበት ምስክር ወረቀት ያለ ተጨማሪ ክፍያ እናዘጋጃለን። ዋናውን ፋይል ከነተሠራበት ቀን ሁለት ቦታ እናስቀምጣለን። ለሎጎ ደንበኞቻችን መብቱ የእናንተ መሆኑን የሚገልጽ የጽሑፍ ውል እንሰጣለን፤ ያንን ይዛችሁ በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ንግድ ምልክታችሁን አስመዝግቡ። ምልክት በኤንኤፍቲ ዓለምም ይሠራል፤ ሄርሜስ የተባለው የፈረንሳይ ፋሽን ድርጅት የቦርሳውን ስም ለኤንኤፍቲ የተጠቀመበትን ሰው ከሶ በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ 133,000 ዶላር ተፈርዶለታል።

ቀደም ሲል ያሳተማችሁም የፋይሎቻችሁን ዝርዝር ይዛችሁ ኑ፣ ምስክር ወረቀቱን እናዘጋጅላችኋለን። ከላይ የጻፍነው ዓይነት መልእክት የደረሳችሁ ደግሞ ምንም ከመክፈላችሁ በፊት ደውሉልን። የከፈላችሁም ካላችሁ አትፈሩ፣ መልእክቱን ሳታጠፉ ኑ፤ አብረን እናየዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የስቱዲዮው ባልደረቦች