ለቅዳሜ ድረሺልኝ

እንዴት ነሽልኝ እህቴ? ጠፋሁብሽ አይደል? ይቅር በይኝ፤ ሰበብ አልደረድርም። አንቺም ብትሆኚ አልፈለግሽኝም፣ ስለዚህ እኩል ነን። እውነቱን ለመናገር ዛሬም የጻፍኩልሽ ቸግሮኝ ነው። ናፍቀሽኛልም ግን።

ከልጆቼ ጋር የበዓል ፖስት ካርድ እየሠራን ሳለ የጎረቤት ልጆች አዩን። እኔም ሞቅ አለኝና "ቅዳሜ ኑ፣ አብረን እንሠራለን" አልኳቸው። አሁን የሰፈሩ ልጅ በሙሉ ሊመጣ ነው፣ ከ4 ዓመት እስከ 12 ዓመት። ያለኝ ጠረጴዛ ደግሞ አንድ ነው።

መቼም ታውቂኛለሽ፣ ዝግጅቱን ጨርሻለሁ። ተራው የፎቶ ኮፒ ወረቀት ኮላ ሲነካው ስለሚሸበሸብ 200 ግራም የሆነ ወፍራም ወረቀት ገዛሁ። እሱ ደግሞ ዝም ብለሽ ስታጥፊው ጠርዙ ይሰነጠቃል። ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ፣ በማስመሪያ፣ ጫን ብለሽ ካሰመርሽበት በኋላ ግን ቀጥ ብሎ ይታጠፋል። ያንን እኔ ቀድሜ እጨርስላቸዋለሁ። ለትንንሾቹ መቀስ የለም፤ ባለቀለም ወረቀት በእጃቸው እየቀደዱ ይለጥፉ። ነጭ ሻማም አለኝ። በሻማው ይሥላሉ፣ ምንም አይታይም። ከዚያ ውሃ ቀለም ሲቀቡበት ሰሙ ውሃውን አይቀበልምና ሥዕሉ ብቅ ይላል። ትንሿ ልጄ መጀመሪያ ስታየው በጩኸት ቤቱን አናወጠችው! ብልጭልጭ የሚባል ነገር ግን ደጄን አይረግጥም። ፕላስቲክ ነው፤ አንዴ ከፈሰሰ ከምንጣፍም ከፀጉርም አይወጣም።

ልጆቹ አያስፈሩኝም። የሚያስፈሩኝ አብረው የሚመጡት ወላጆች ናቸው። "ወዲህ በል፣ ላስተካክልልህ" ይሉና ካርዱን የራሳቸው ያደርጉታል። ትንሿ ልጄ ሰው ስትሥል እጅና እግሩ ከጭንቅላቱ ነው የሚበቅለው፣ ሆድ የሚባል ነገር የለውም። በሷ ዕድሜ ብዙ ልጆች እንደዚያ ይሥላሉ። ፊደልም ገልብጠው ይጽፋሉ፤ ሲያድጉ ይተውታል። ታዲያ ምን ያስቸኩላል? ካርዱ የሚደርሰው ሰው ቆንጆ ካርድ ከፈለገ ከሱቅ ይግዛ! ላንቺ ምን እደብቃለሁ፣ እኔም እጄን እየበላኝ ነው ዝም ብዬ የማያት። አንቺ ስንት ዓመት ስታስተምሪ ከወላጅ ጋር ኖረሻል፤ ሳላስቀይማቸው "እጃችሁን ሰብስቡ" የምለው እንዴት ነው? ለነሱም ወረቀት ሰጥቼ የራሳቸውን ካርድ ባሠራቸውስ?

ሌላ ደግሞ፣ ያ ሲከፈት ከመሃል ብድግ የሚለው ካርድሽ! ለትልልቆቹ እሱን ነው የምፈልገው። እጥፋቱ ላይ እኩል የሆኑ ሁለት ቁርጦች ቆርጬ ወደ ውስጥ ስገፋው አንድ ደረጃ ይወጣልኛል። ያንቺው ግን ባለ ሁለት ፎቅ ነበር። ለክፍላችን አፍቃሪዎች ስትቸበችቢው የነበረውን ማለቴ ነው፣ እንዳትክጂ።

ሌላም ልነግርሽ ያሰብኩት ነገር ነበር... ይቅር፣ እሱ በስልክ ይሻላል። ቁጥርሽ ያው የድሮው ነው? ከአርብ በፊት እደውላለሁ፣ አንሺ ደግሞ!

አድራሻሽንም ላኪልኝ። ትንሿ ፎቶሽን አይታ ካርድ ሠርታልሻለች። ጆሮ ጌጥሽን አልረሳችም፤ ሆድ ግን አልሰጠችሽም።