አባባ፣ የማሙሽን ዕድሜ አይቀንሱበት

ይድረስ ለውድ አባቴ
ቦሩ ሜዳ

አሰላሙ አለይኩም አባባ። እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ ተሻለዎ ወይ? የእማዬስ ደም ግፊት? መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ትውሰድ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም።

ይህን ደብዳቤ የሚያነብልዎ ማሙሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ለሁለታችሁም ነው የጻፍኩት። ማሙሽ፣ ደስ የማይልህ ቦታ ላይ ስትደርስ ዘለህ እንዳታልፍ። አደራ።

እማዬ በስልክ ሁሉንም ነግራኛለች። የእግር ኳስ መልማይ ነኝ ያለ ሰው ቤት ድረስ መጥቷል አሉ። የማሙሽን ግራ እግር አድንቆ፣ ቡናችሁን ጠጥቶ፣ «ይህ ልጅ ከ17 ዓመት በታች ብሔራዊ ቡድን ይገባል፤ ዕድሜው ብቻ ትንሽ አለፍ ብሏል፤ 2002 ተወለደ ተብሎ ካርድ ይውጣለት» ብሏል። እርስዎም ምስክር ይዘው ቀበሌ ሊሄዱ ነው አለችኝ። አባባ፣ አይሂዱ። በአላህ እለምንዎታለሁ። ደብዳቤውን የጻፍኩት ለዚህ ብቻ ነው።

ማሙሽ የተወለደው ታኅሣሥ 2000 ነው። በሚሊኒየሙ ዓመት፣ በአረፋ ሰሞን። የእርዱ ሥጋ ገና ሳይከፋፈል እማዬን ምጥ እንደያዛት የነገሩን እርስዎ ነዎት። ይህን የማያውቅ ጎረቤት የለም። የክትባት ካርዱ ላይ አለ። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርዱ ላይ አለ። ፋይዳው ላይም አለ። በፈረንጅ ሲቆጠር ዲሴምበር 2007 ማለት ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች ሲያዙ ሁልጊዜ «ከኢትዮጵያ ወደ ፈረንጅ ሲገለበጥ የተሳሳተ ነው» ይላሉ። አንዳንዴ እውነትም ስህተት ይሆናል። የማሙሽ ግን ስህተት አይሆንም። ታስቦበት የተሠራ ነው የሚሆነው።

እኔ ውዬ የማድረው የሰው አጥንት ፎቶ ፊት ነው። ስለዚህ የሚሆነውን ላስረዳዎት። ፊፋ ናይጄሪያ ላይ በ2002 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተደረገው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ጀምሮ የልጆቹን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ያያል። የአፍሪካ ማጣሪያ ላይም ይኸው ምርመራ አለ። ራጅ ያልመረጡት ጨረር ስላለው ነው፤ ለጤነኛ ልጅ ጨረር አይሰጥም። ኤምአርአይ የሚሠራው በማግኔት ነው፤ አይጎዳም።

በአውራ ጣት በኩል ያለው የክንድ አጥንት ጫፍ ላይ ልጅ እያለን የምታድግ ቦታ አለች። ፎቶው ላይ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋች ቀጭን መስመር ሆና ትታያለች። ልጁ ሲጎረምስ መስመሯ እየተቆራረጠች ትሄዳለች። ጉርምስናው ሲያልቅ ጭራሽ ትጠፋለች፤ አጥንቱ አንድ ወጥ ይሆናል። 17 ዓመት ሳይሞላው መስመሯ ሙሉ በሙሉ የጠፋችበት ልጅ እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ጠፍታ ከተገኘች ልጁ ከቡድኑ ይወጣል። የቀበሌ ካርድ ቢያሳይ፣ ሽማግሌ ቢያስመሰክር የሚሰማው የለም።

እውነቱን ልንገርዎት፤ ምርመራው የተወለዱበትን ቀን አይናገርም። 18 ዓመት ሞልቶት መስመሯ ገና ያልተዘጋለት ልጅም አለ። ያ ሰውዬ የሚቆምረው በዚህ ነው። ካለፈ የእሱ ሲሳይ ነው። ከተያዘ ስልኩን ያጠፋል። ማሙሽ ግን ስሙ ተበላሽቶ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ እውነተኛ ዕድሜውን ቢናገርም ማን ያምነዋል?

ካሜሩን ላይ የሆነውን ይስሙ። በ2015 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ሳሙኤል ኤቶ የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሳለ፣ ከ17 ዓመት በታች ቡድናቸው ለማጣሪያ ሲዘጋጅ ተመረመረ። ከ30 ልጆች 21ዱ ወደቁ። ውድድሩ ደጃፍ ላይ ነው፤ ሌላ ልጅ ፍለጋ ተሯሯጡ። እኔን የሚያንገበግበኝ የቡድኑ ነገር አይደለም። እነዚያ 21 ልጆች ናቸው። እያንዳንዳቸው ቤት አንድ አባት ነበር። አንድ ቡና ጠጥቶ የሄደ ሰውም ሳይኖር አይቀርም። ሜክሲኮም በወጣት ቡድኗ ዕድሜ ያለፋቸውን አሰልፋ ስትገኝ ሁለት ዓመት ታግዳ በ1982 ዓ.ም. ጣሊያን ላይ ከተደረገው የዓለም ዋንጫ ቀርታለች። የወጣቶቹ ጥፋት ዋናውን ቡድን ሳይቀር ይዞት ሄደ።

አሁን ደግሞ እርስዎ ወደሚወዱት ጉዳይ ልምጣ። «የእኛ ወጣት ቡድን አንዴ ሄዶ ሦስቱንም ተሸንፎ መጣ» ይሉ ነበር ሁሌ። እኔ ግን በዚያ ቡድን ቅሬታ የለኝም። በ1993 ዓ.ም. የአፍሪካ ወጣቶች ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ነበር። ሬዲዮኗን ደጃፍ አውጥተው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ሲያዳምጥ ትዝ ይለኛል። አንጎላ ዋንጫውን ወሰደች። ጋና ሁለተኛ፣ ግብፅ ሦስተኛ፣ እኛ አራተኛ ሆንን። ለግማሽ ፍጻሜ የደረሱት አራቱም አገሮች የዓለም ዋንጫ ትኬት ቆረጡ። ክረምቱ ሲገባ ልጆቻችን አርጀንቲና ነበሩ። የደረሳቸው ምድብ ኔዘርላንድ፣ ኮስታሪካና ኢኳዶር ያሉበት ነው። አዎ፣ ሦስቱንም ተሸነፉ።

ግን አብረዋቸው አዲስ አበባ ላይ የተጫወቱት የት እንደደረሱ ይመልከቱ። ከ24ቱ አገሮች ጋና ለፍጻሜ አልፋ የተሸነፈችው በባለሜዳዋ በአርጀንቲና ነው። ያ ሳቪዮላ የሚባለው የአርጀንቲና ልጅ 11 ግብ ያገባበት ውድድር ነው። ግብፅ ሦስተኛ ወጣች። እንግዲህ የእኛ ልጆች አዲስ አበባ ላይ እኩል የቆሙት ከእነዚህ ጋር ነበር።

ልዩነቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጋና ያንን ቡድን አልበተነችውም። ኤሲየን፣ ሙንታሪና ጆን ሜንሳህ ከዚያ ቡድን ናቸው። ከ5 ዓመት በኋላ፣ በ1998 ዓ.ም.፣ ጋና ጀርመን ላይ የመጀመሪያዋን የአዋቂዎች የዓለም ዋንጫ ስትጫወት ሦስቱም ነበሩ። ወጣት ቡድን የሚቋቋመው ለዚህ ነው አባባ። ዋንጫው ቢመጣ እሰየው ነው፤ ዋናው ግን ልጁ 24 እና 25 ዓመት ሲሞላው ማን ሆነ የሚለው ነው። በሐሰት ዕድሜ 17 የተባለ የ19 ዓመት ጎረምሳ ትንንሾቹን በጉልበት ገፍቶ ያሸንፍ ይሆናል። አምስት ዓመት ሲያልፍ ግን ከእኩዮቹ ጋር ይገናኛል፤ ያኔ የሚገፋበት ጉልበት የለም።

እኛ ከአርጀንቲና ወዲህ ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ አልተመለስንም። ከ17 ዓመት በታቹን ወንዶቻችን ጭራሽ አላዩትም። በ2015 መጀመሪያ የዞናችን ማጣሪያ እዚሁ አዲስ አበባ ተደርጎ እንኳ ለአፍሪካው ዋንጫ ትኬት ከቆረጡት አንዷ ሶማሊያ ናት፤ እኛ ቀረን። የሴቶቹን እርስዎ አይከታተሉም እንጂ እነሱ የተሻለ ሄደዋል። በ2014 ዓ.ም. ከ20 ዓመት በታች ሴቶቻችን ዩጋንዳ ላይ የሴካፋን፣ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ በልተዋል። ከዓለም ዋንጫም አንድ ዙር ሲቀራቸው ነው ጋና ያስቀረቻቸው። ልጆቹን በቴሌቪዥን ሳያቸው አለቀስኩ።

ለእኔ የጎደለን ዕድሜው የተቀነሰ ልጅ አይደለም። የጎደለን ጨዋታ ነው። የ15 ዓመቱ ልጅ በየሳምንቱ ከ15 ዓመቱ ጋር የሚጋጠምበት፣ ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጥ ውድድር። ወልድያ ላይ ያ ሁሉ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ተሠርቶ በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ደስ ብሎናል። ቦሩ ሜዳ ላይ ግን ልጆቹ ጎል የሚሠሩት ሁለት ድንጋይ አስቀምጠው ነው። ባለፈው ስመጣ አየሁት። ማሙሽ በግራ በኩል ይዞ ወጥቶ ኳሷን ሲያሻማ የቀኝ ጫማው ሶል ተላቆ አፉን ከፍቶ ነበር። በሲባጎ አስሮት ነው የሚጫወተው። ከጎኑ አንድ ቀጭን ልጅ አለ፤ የጎረቤታችን የመጨረሻ ልጅ፣ 15 ዓመቱ ነው አሉኝ። ማሙሽ 2002 ተወለደ ተብሎ ሲሄድ የሚቀረው እሱ ነው። ቦታው የእሱ ነው አባባ። የሰው ሐቅ ነው። እርስዎ በሕይወትዎ የሰው ሐቅ ነክተው አያውቁም። እህል ሲሰፍሩ እንኳ ቁናውን ሞልተው፣ ትርፍ ጨምረው ነው የሚሰጡት።

የማሙሽ በር ደግሞ አልተዘጋም። በእውነተኛ ዕድሜው ከ20 ዓመት በታች ነው። ያ አርጀንቲና የሄደው ቡድን ከ20 ዓመት በታች ነበር እኮ። ደሴ ከተማም ኮምቦልቻ ከተማም ክለብ አላቸው። ሄዶ ይሞክር። ባይወስዱት በሚቀጥለው ዓመት ይሞክር። ከቦሩ ሜዳ ደሴ የሚመላለስበትን የታክሲ እኔ እችላለሁ። አሥራ ሁለተኛን ግን ይጨርስ፤ በዚህ ላይ አልደራደርም፤ እማዬም ከእኔ ጋር ናት።

ያ ሰው ተመልሶ ሲመጣ አይቆጡት። የክትባት ካርዱን ከሳጥኑ አውጥተው ያሳዩት። «ልጄ ታኅሣሥ 2000 ነው የተወለደው፤ በዚህ ከወሰድከው እሰየው» ይበሉት። ካስቸገረዎ ስልኬን ይስጡት። ምስክር ይሆኑኛል ያሏቸውን ሁለቱን ጋሼዎችም እንዳይጠብቁዎት ከጁምዓ በኋላ ይንገሯቸው።

ለአረፋ ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ ኢንሻአላህ እመጣለሁ። የጉልበትዎን ቅባት ይዤ እመጣለሁ። እማዬን ሳሙልኝ። ዱአዎ አይለየኝ።

ማሙሽ፣ አንብበህ ስትጨርስ ደውልልኝ። የጫማህን ቁጥር ንገረኝ፤ ለሣርና ለአፈር የሚሆነው የትኛው እንደሆነም አሰልጣኝህን ጠይቅልኝ።

ልጅዎ
ከአዲስ አበባ