«ስልክ ነው»፦ ለኮንግረስ ተወካዬ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበሩ የምክር ቤት አባል፣

እኔ በእርስዎ የምርጫ ክልል የምኖር ሰው ነኝ። በ1999 በዲቪ መጣሁ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ በ2008 ዜግነት ወሰድኩ፣ በዚያው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ መረጥኩ። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ለቢሮዎ ልኬዋለሁ። ይህኛውን በአማርኛ የጻፍኩት ጉዳዩ የጎረቤቶቼም ስለሆነና እነሱም እንዲያነቡት ስለምፈልግ ነው።

ስምዎንም ፓርቲዎንም አልጠቅስም። ጽፌ ስጨርስ መልሼ ሳነበው፣ የሌላኛው ፓርቲ ሰው ቢሆኑ ኖሮ አንድ ቃል እንኳ መቀየር እንደማያስፈልገኝ አየሁ። በጣም ያሳዘነኝም ይኸው ነው።

እናቴ ደሴ ነው ያለችው። እሁድ እሁድ እደውልላታለሁ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም እናወራለን፤ ወሬው ትንሽ ወደ መንግሥት ከዞረ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ተው ልጄ፣ ስልክ ነው» ትላለች። በቃ፣ ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል። አንድ ጊዜ «የአክስትህ ልጅ ታሟል» አለችኝ። ምን ሆኖ ብዬ ስጠይቅ «ታሟል አልኩህ እኮ» ብላ ተቆጣች። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ታስሯል ማለቷ ነበር። ደርግን ያየ ሰው፣ ከዚያ በኋላም የመጣውን ያየ ሰው፣ ይህን ቋንቋ ማንም ሳያስተምረው ይችለዋል።

እኔ ደግሞ ይህ ነገር አገር ቤት የቀረ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ኮሌጅ ያለችው ልጄ በቤተሰብ ግሩፓችን ላይ ስለ አንድ ሰልፍ ረዘም ያለ ነገር ጻፈች። እዚያ ግሩፕ ውስጥ ደሴ ያሉ አሉ፣ ሪያድ ያለ ወንድሜ አለ፣ ቴል አቪቭ ያለች የባለቤቴ እህት አለች። ወዲያው ደወልኩላትና «አጥፊው፣ ስልክ ነው» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ «አባዬ፣ እዚህ ማን ነው የሚሰማን?» አለችኝ። እዚህ የተወለደች ልጅ ናት። ስለ አራተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ፣ መንግሥት ያለ በቂ ምክንያት ሰውን እንዳይበረብር ስለሚከለክለው፣ ትምህርት ቤት ተምራ መጥታ ለእኔ ያስረዳችኝ እሷ ነበረች። ምን ብዬ እመልስላት? ለእሷ መልስ ፍለጋ ብዬ ነው ስለ ሕጉ ማንበብ የጀመርኩት።

ያገኘሁትን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ለጎረቤቶቼ ስል ግን ልጻፈው። ሴክሽን 702 የሚባል ሕግ አለ። በሕጉ መሠረት መንግሥት ውጭ አገር ያሉ፣ አሜሪካዊ ያልሆኑ ሰዎችን መልእክትና ስልክ ለእያንዳንዱ ሰው የፍርድ ቤት ማዘዣ ሳያወጣ መሰብሰብ ይችላል። በ2022 እንዲህ ኢላማ የተደረጉት ሰዎች ከ246 ሺህ በላይ ነበሩ። እሺ፣ ስለላ በየትም አገር አለ እንበል። ግን ውጭ ያለው ሰው ከማን ጋር ነው የሚያወራው? እዚህ ካለ ዘመድ ጋር ከሆነ፣ የዘመዱም ቃል አብሮ ይገባል። ከገባ በኋላ ደግሞ ኤፍቢአይ፣ የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ፣ በአሜሪካዊው ስም መዝገቡ ውስጥ ሲፈልግ ዳኛ ዘንድ መሄድ አይጠበቅበትም።

እናቴን ኢላማ አድርገዋታል አላልኩም። ውጭ አገር ዘመድ የሌለው አሜሪካዊ ይህ ነገር ብዙ ላይነካው ይችላል። እኛ ግን ኑሯችን ግማሹ በስልክ ነው። ለቅሶ የምንደርሰው በስልክ ነው፣ ሽማግሌ የምንልከው በስልክ ነው። ድንበር ተሻግሮ የሚያወራ ሰው ላይ የሚያርፍ ሕግ ከማንም በፊት የሚያገኘው እንደ እኛ ያለውን ነው።

ሥልጣኑ በመልካም እጅ ነው እንዳይሉኝ፣ በ2023 ይፋ የሆነውን የፍርድ ቤት ሰነድ ያስታውሱ። በ2020 እና በ2021 መጀመሪያ ኤፍቢአይ ይህን መዝገብ ከ278 ሺህ ጊዜ በላይ ያለአግባብ ፈልጎበታል። ከተፈለጉት ስሞች ውስጥ ከጆርጅ ፍሎይድ ግድያ በኋላ በነበሩት ሰልፎች የተያዙ ሰዎች ነበሩበት። በጃንዋሪ 6 ቀን 2021 የኮንግረሱን ሕንፃ ካፒቶልን ጥሰው ገብተዋል የተባሉም ነበሩበት። ለአንድ የኮንግረስ እጩ ገንዘብ ያዋጡ 19 ሺህ ሰዎችም ነበሩበት። ግራም ቀኝም አልቀረም ማለት ነው። ይህን ሳነብ «አሁንስ ሁለቱም ወገን ስለተነካ ተባብረው ያስተካክሉታል» ብዬ ነበር። ከልቤ ነው ያመንኩት።

ኤፕሪል 12 ቀን 2024፣ ሕጉ ሊታደስ ሲል፣ በአንድ ማሻሻያ ላይ ድምፅ ሰጣችሁ። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ የአሜሪካዊን ስም ከመፈለግ በፊት ማዘዣ ይጠየቅ ወይስ አይጠየቅ? ውጤቱ 212 ለ 212። እኩል ከሆነ ደግሞ ወደቀ ማለት ነው። 128 ሪፐብሊካንና 84 ዴሞክራት ደገፉ፣ 86 ሪፐብሊካንና 126 ዴሞክራት ተቃወሙ። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ እጁን ወዲህ ቢያዞር ኖሮ የልጄን ጥያቄ በሙሉ አፌ እመልስላት ነበር። የስም ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች አነበብኩት። የእርስዎን ስም ከተቃወሙት መካከል አገኘሁት።

ያን ሌሊት ከሆስፒታል ፈረቃዬ ስመለስ እንቅልፍ እምቢ አለኝና ለቢሮዎ ጻፍኩ። ከስድስት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ። ስለጻፉልን እናመሰግናለን፣ የአገር ደኅንነትና የዜጎች ነጻነት ሁለቱም ያሳስቡናል ይላል። ለምን እንደተቃወሙ አንድ መስመር የለበትም። እንዲያውም ድምፅ መስጠትዎን ራሱ አያነሳም።

እስኪ የእኔን የምርጫ ታሪክ ልንገርዎ፣ ምናልባት ለምን እንዲህ እንደመረረኝ ይገባዎታል።

በ2001 መኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራ ነበር። ፔንታጎን ሲመታ ጭሱን አይቻለሁ። የመንግሥትን የስለላ ሥልጣን ያሰፋው የፓትሪዮት አክት የተባለው ሕግ በ45 ቀን ውስጥ ሲወጣ፣ በሴኔት 98 ለ 1 ሲያልፍ፣ እኔም ደግፌ ነበር። ፈርቼ ነበር፣ የፈራ ሰው ደግሞ ያገኘውን ይይዛል። ብቻውን «አይሆንም» ያለው የዊስኮንሰኑ ሴናተር ረስ ፋይንጎልድ ያን ጊዜ እብድ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ባገኘው ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

በ2008 ኦባማን መረጥኩ። ያን ምሽት ዋሽንግተን ዲሲ ዩ ስትሪት ላይ ነበርኩ፣ ሰው እየተቃቀፈ ያለቅሳል፣ እኔም አለቀስኩ። ኋላ ነው ያወቅኩት፤ ከአራት ወር በፊት፣ በጁላይ፣ ሴናተር ሳለ፣ መጀመሪያ እቃወመዋለሁ ሲል የነበረውን ሕግ ዞሮ ደገፈው። ሴክሽን 702 የመጣው በዚያ ሕግ ነው፣ የፈረሙበትም ቡሽ ናቸው። በ2013 ለስለላ ተቋሙ በኮንትራት ይሠራ የነበረው ስኖውደን የስልክ መዝገባችን በጅምላ እንደሚሰበሰብ ሲያጋልጥ፣ ምክር ቤቱ ይህን ለማስቆም የቀረበውን ማሻሻያ 217 ለ 205 ጣለው። የሪፐብሊካኑ መሪ ቤይነርና የዴሞክራቷ መሪ ፐሎሲ፣ በሌላ ነገር ሁሉ የማይስማሙት ሁለቱ፣ ያን ቀን አብረው ተቃወሙ።

በ2016 ከጓደኞቼ ጋር ተጣልቼ ፓርቲ ቀየርኩ። ጃንዋሪ 2018 ላይ ያው ሕግ ለስድስት ዓመት ታደሰ፣ ትራምፕም ፈረሙበት። እዚህ ላይ አንድ ነገር እስከ ዛሬ አልዋጥልህ ብሎኛል። በየቴሌቪዥኑ «ይህ ሰው ለዴሞክራሲ አደጋ ነው» ሲሉ ከነበሩት የምክር ቤቱ ዴሞክራቶች ውስጥ 65ቱ ድምፃቸውን ለሕጉ ሰጡ። አደገኛ ነው ለምትለው ሰው እንዴት የሌላውን ሰው ቤት ቁልፍ ታቀብለዋለህ? በ2020 ተመለስኩና ባይደንን መረጥኩ፤ በ2024 ያን ማዘዣ የሌለበትን ሕግ የፈረሙት እሳቸው ናቸው። ከድጡ ወደ ማጡ። በዚያ ዓመት ኖቬምበር ምርጫ ጣቢያ ሄጄ ተሰልፌ፣ የፕሬዚዳንቱን ቦታ ባዶ ትቼ ወጣሁ። ለመምረጥ መብት ሲል ሕይወቱን ያጣ ሰው ከማውቅበት አገር መጥቼ ባዶ ወረቀት መስጠቴ እስካሁን ያመኛል።

ሦስተኛ ፓርቲ ምረጥ የሚሉኝ አሉ። በ1992 በግሉ ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረው ሮስ ፔሮ ከመላው መራጭ ወደ 19 በመቶ አግኝቶ ፕሬዚዳንቱን ከሚወስነው የኤሌክቶራል ድምፅ አንድም አላገኘም። በቅደም ተከተል የመምረጥን ሐሳብ በጣም እወደዋለሁ፤ አንደኛ ምርጫህ ካልሆነ ድምፅህ ወደ ሁለተኛው ያልፋል፣ በፍርሃት አትመርጥም። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በ2024 ሕዝቡ በሰፊ ድምፅ ደገፈው። ታዲያ አስቀድሞ ሐሳቡን ለማስቆም ፍርድ ቤት የሄደው የዲሲ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ነው። ሪፐብሊካኖች በሚመሯት ፍሎሪዳ ደግሞ በ2022 በሕግ ከለከሉት። እዚህም ላይ ተስማሙ።

አሁን ሜሪላንድ ወዳለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ልውሰድዎ። እዚያ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ፣ በፍርድ ቤት «ኪዳኔ» በሚል ተለዋጭ ስም የቀረበ፣ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ፊንስፓይ የሚባል የስለላ ሶፍትዌር ተገኘ። በኢሜይል ተያይዞ በመጣ ፋይል ነው የገባው። ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ ለወራት የስካይፕ ንግግሩን፣ ኢሜይሉን፣ ልጁ ለቤት ሥራ ኢንተርኔት ላይ የፈለገውን ጭምር ቀድቷል። የኢትዮጵያን መንግሥት በ2014 እዚሁ ዋሽንግተን ከሰሰ። በማርች 2017 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ክሱ አይታይም አለ። ምክንያቱም ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ አልተፈጸመም፣ ስለዚህ የውጭ መንግሥት አይከሰስም። እቤቱ ሳሎን ውስጥ የተቀመጠ ዜጋ ማለት ነው! ዳኞቹ ያዩት የ1976 ሕግ፣ የውጭ መንግሥት መቼ እንደሚከሰስ የሚወስነው፣ የእናንተው ሕግ ነው፤ በአንድ አረፍተ ነገር ልታስተካክሉት ትችላላችሁ። ከዚያ ወዲህ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ውስጥ ቀዳዳውን የደፈነ ሕግ ሲጸድቅ አላየሁም።

አስቡት እንግዲህ። ከወዲያ የአገር ቤት መንግሥት ይሰማናል፣ ከዚህ በሕግ ልንከሰው አንችልም። ከወዲህ የራሳችን መንግሥት ዳኛ ሳይጠይቅ ይፈልገናል። መሃል ላይ ያለው ያ የእሁድ ስልክ ነው።

በማርች 2025 ማሳቹሴትስ ውስጥ አንዲት የዶክትሬት ተማሪ ፊታቸውን በሸፈኑ የመንግሥት ሰዎች መንገድ ላይ ተይዛ ስትወሰድ ቪዲዮውን ልጄ ናት ያሳየችኝ። ልጅቷ ከሌሎች ጋር ሆና በተማሪዎች ጋዜጣ ላይ ጽፋ ነበር። ከስድስት ሳምንት በላይ ታስራ ዳኛ አስለቀቃት። ያን ጊዜ ሥልጣን ላይ ያልነበረው ፓርቲ ሰዎች በጣም ጮኹ፣ ጩኸታቸውም ልክ ነበር። ግን እኔ ቪዲዮውን እያየሁ ያሰብኩት፣ እያንዳንዱን ሥልጣን ለፕሬዚዳንት ስትሰጡ የሚቀጥለው ማን እንደሚሆን ለምን አታስቡም የሚለውን ነው። የእናንተ ሰው ሲቀመጥ «እምነት ይኑራችሁ» ትሉናላችሁ፣ ሌላው ሲቀመጥ «ፍሩ» ትሉናላችሁ፣ ወንበሩ ላይ ያለው ሥልጣን ግን ያው ነው፣ እንዲያውም በየተራው ያድጋል።

እኔ አገሬን ጠልቼ አይደለም የምጽፈው። ይህን ደብዳቤ በስሜ ጽፌ ለቢሮዎ መላኬ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ እናቴ ብትሰማ ራሷን ይዛ ትጮህ ነበር። ይህ መብት ለልጄም እንዲቆይላት እፈልጋለሁ።

ስለዚህ የምጠይቅዎ ይህ ነው። ሴክሽን 702 እንደገና እጅዎ ላይ በመጣ ቁጥር፣ ወንበሩ ላይ ያለው የእርስዎ ሰውም ይሁን የሌላው፣ የማዘዣ ግዴታ ከሌለበት አይደግፉት። የ1976ቱን ሕግ ቀዳዳ ለመድፈን የሚቀርብ ረቂቅ ካለ ስምዎን ያስገቡበት፤ ከሌለ እርስዎ ያቅርቡት፣ ምስክር ካስፈለገ እዚህ አካባቢ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። በ2024 ለምን እንደተቃወሙም ይጻፉልን። ምክንያት ይኖርዎታል ብዬ አምናለሁ፣ ልሰማው እፈልጋለሁ።

ያንን የተዘጋጀ የምስጋና ደብዳቤ ግን እባክዎ አይላኩልኝ። አንድ መስመር ይበቃኛል፤ ማዘዣ ይጠየቅ ወይስ አይጠየቅ? መልስዎን ለልጄ አነብላታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
መራጭዎ