የጋሼ ቬስፓ ልትሸጥ ነው

ጅማ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔና ቤተሰቤ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የእናትህን ዕረፍት ሰምቼ ለቅሶ አለመድረሴን፣ ከዚያም አፍሬ ሳልደውልልህ አራት ዓመት ማለፉን አውቃለሁ። ምክንያት ብደረድር ሌላ በደል ይሆንብኛልና ይቅር በለኝ ከማለት በቀር የምለው የለኝም። ከልጆቻቸው ሳይለዩ ያበሉኝ እናት ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር።

ብዕር ያስነሳኝ ነገር ግን ሌላ ነው። የጋሼ ቬስፓ ልትሸጥ ነው።

የትኛው ጋሼ ብለህ እንደማትጠይቀኝ አውቃለሁ። ዓይናቸው ደክሞ ልብስ መስፋቱን ከተዉ ሰንብተዋል። ባለፈው ሐሙስ ከገበያ ስመለስ አስቆሙኝና፣ «ስኩተሬን ለማያውቃት ሰው ከምሸጣት አንተ ውሰዳት፤ እስከ ሚመጣው እሑድ አስብበትና ንገረኝ» አሉኝ። እኔ ደግሞ ዕቁብ ወጥቶልኝ ለአንድ አዲስ አውቶማቲክ ስኩተር ቀብድ ልከፍል ሁለት ቀን ቀርቶኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ የማማክረውም ካንተ ሌላ ሰው የለኝም።

ባለቤቴ ነርስ መሆኗን ታውቃለህ። በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ የማታ ተረኛ ስትሆን ባጃጅ በማይገኝበት ሰዓት ከሆስፒታል የማመጣት እኔ ነኝ፤ የጅማን ክረምትና ዝናብ የመታውን ኮብልስቶን ደግሞ ላንተ አልተርክልህም። ስለዚህ ጥያቄው የትኛዋ ታምራለች የሚል ቢሆን ኖሮ ደብዳቤም ባላስፈለገኝ። የጋሼ ቬስፓ ዛሬም ከተማው ውስጥ ያለ ሞተር ሁሉ በውበት አይደርስባትም።

ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ አየኋት። ባለ 150 ሲሲዋ «ሱፐር» ናት፤ ፋብሪካው ይህን ሞዴል የሠራው እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1979 ድረስ ነው። ነዳጁን ከፍቼ፣ አየሩን ስቤ፣ በሦስተኛው እርግጫ ተነሣች። ያ ሰማያዊ የዘይት ጭስ ከማርሚታው ወጥቶ በግቢው ሲሞላ ጋሼ በረንዳው ላይ እንደተቀመጡ ጭንቅላታቸውን አዘንብለው አዳመጧት፤ «ትንሽ ነዳጅ ይበዛባታል» አሉ። ልክ ናቸው። ካንዴላዋን ሳወጣው ጥላሸት ለብሷል። ከተማችን ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ስለሆነች አየሩ ይሳሳል፤ ለቆላ የተለካ ጂግለርም፣ ማለትም የካርቡራተሩ የነዳጅ ቀዳዳ፣ ከአየሩ ጋር የማይመጣጠን ቤንዚን ያሳልፋል። በትንሽ ቁጥር መቀየር ብቻ ነው። በአዲሷ ይህ ችግር የለም፤ ነዳጁን በኤሌክትሮኒክስ ስለምትረጭ የአየሩን ልክ ራሷ ታስተካክላለች።

አንተ እንዳስተማርከኝ ማግኔት ይዤ ነበር የሄድኩት። በጎኖቿ፣ በፊት መከላከያዋና በመቀመጫዋ ሥር እየጎተትኩ አስኬድኩት፤ ሁሉም ቦታ ጥርቅም ብሎ ያዘ። በግራው እግር ማሳረፊያ ላይ ግን፣ ጎማ ከለበሰው ዘንግ አጠገብ፣ ማግኔቱ ከእጄ ሾልኮ መሬት ወደቀ። መልሼ አስቀመጥኩት፤ ደግሞ ወደቀ። በካቻቢቴ እጀታ ሳንኳኳው የላሜራ ድምፅ ሳይሆን የግድግዳ ድምፅ ሰጠኝ። ሦስት ጣት የሚያህል ስቱኮ ነው። ከሥር ተንበርክኬ በአውራ ጣቴ ስጫነው ዝገቱ እንደ ደረቅ እንጀራ ተፈረካከሰ።

ቦታውን አሁን አስታወስከው? የአዌቱ ወንዝ ድልድይ ጠርዝ የነካን እዚያው ላይ ነበር።

አሥረኛ ክፍል ሳለን፣ እርሳቸው ለሠርግ አጋሮ በሄዱበት ቀን፣ ከጅሬን ዳገት ሞተሩን ሳንነዳ ቁልቁል ስንለቃት አንተ ከኋላ ነበርክ፤ መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ላሜራው ሲታጠፍ አንተ ነህ በመዶሻ አቃንተህ፣ ስቱኮ ሞልተህ፣ ቀለም የቀባኸው፤ በዚያ ዕድሜህ የሠራኸው ሥራ ይህን ያህል ዘመን መሸሸጉን ሳይ ባለሙያነትህ ከዚያ ቀን የጀመረ መሰለኝ። አንተ ወደ አዳማ ከመሄድህ በፊት «ነገርካቸው ወይ?» ብለህ ስትጠይቀኝ «ነግሬያቸዋለሁ፤ ይቅር ብለውኛል» አልኩህ። ዋሽቼህ ነው። አልነገርኳቸውም። ቅዳሜ ዕለትም ጋሼ በኩራት፣ «አንድ ቀን እንኳ ወድቃ አታውቅም» ሲሉኝ ዝም አልኩ።

ይህ ባይኖር ኖሮ ዝገት አይቼ ዋጋ ቀንሱልኝ ማለት ደንብ ነበር። አሁን በምን አፌ እላለሁ? ደግሞም ቦታው የዋዛ አይደለም። ኮራዲኖ ዳስካኒዮ እ.ኤ.አ. በ1946 ለገበያ የቀረበችውን ይህችን ማሽን ለጣሊያኑ ፒያጆ ኩባንያ ሲነድፍ ሞተር ሳይክል የማይወድ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበርና እንደ ሌሎቹ የቱቦ አጥንት ሠርቶ ላሜራ አላለበሰውም፤ የተበየደው ላሜራ ራሱ አጥንቱ እንዲሆን ነው ያደረገው። ተፎካካሪዋ ላምብሬታ በቱቦ ላይ የቆመች ስለሆነች ሽፋኗ ቢዝግ መልኳ ይበላሻል እንጂ አትታጠፍም። ቬስፓ ግን ወለሏ ከበሰበሰ የተበላው ወገቧ ነው። ከኋላ የምትቀመጠው ደግሞ ባለቤቴ ናት።

በዚያው ዕለት ከሰዓት አዲሷን ሞከርኳት። ባለ 125 ሲሲ፣ ባለ አራት ምት ናት፤ ማርሽም ፍሪሲዮንም የላትም፤ ሁለቱ መዘውሮቿ እየሰፉና እየጠበቡ ቺንጋዋ ፍጥነቱን ራሷ ትመጥነዋለች። የፊት ፍሬኗ ባለ ዲስክ ነው። የአሮጌዋ በፊትም በኋላም ታምቡሮ፣ ማለትም የድሮው ባለ ከበሮ ፍሬን፣ ሲሆን ጎማዋም 8 ኢንች ብቻ ስለሆነ ትንሹ ጉድጓድ ሁሉ ይሰማታል። ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ግን መብራቱ ነው፤ የቬስፓዋ በ6 ቮልት የሚሠራና ኃይሉን ከሞተሩ ዙር የሚያገኝ ስለሆነ ነዳጁን ስትቀንስ አብሮ ይደበዝዛል፤ አጥርቼ ማየት በሚያስፈልገኝ ኩርባ ላይ ማለት ነው። አዲሷ ቆማም ብትሆን መንገዱን ቀን ታስመስለዋለች። እውነቱን ለመናገር ለሌሊት መንገድ የምትሻለው እርሷ ናት፤ ይህን ባለቤቴም ሳትናገር በዓይኗ ነግራኛለች።

ግን ደግሞ አስበው። አዲሷ ባትሪዋ ከሞተ በእርግጫ የምትነሣበት ነገር የላትም፤ ኮምፒውተሯ ቢታመም ጅማ ውስጥ የሚያክማት ሰው አላገኘሁም። የቬስፓዋን ፑንቲና፣ ማለትም ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን መገናኛ፣ ግን እኔ ራሴ በካርቶን ቁራጭ ጠርጌ አስነሣታለሁ፤ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት መቀላቀል፣ ረጅም ቁልቁለት ላይ ነዳጁን ጥርቅም አድርጎ አለመዝጋት፣ ምክንያቱም ፒስቶኑ ዘይት የሚያገኘው ከነዳጁ ጋር ነውና፤ ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከጋሼ አፍ ነው። በበራችን የሚመላለሱት ባጃጆች እንኳ የዘር ግንዳቸው እርሷ ናት። ፒያጆ ተርብ ብሎ ከሰየማት ከቬስፓ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1948 ባለ ሦስት እግሯን ሠርቶ አፔ፣ ማለትም ንብ፣ ብሎ ጠራት፤ ባጃጅ የተባለው የሕንድ ኩባንያም በፒያጆ ፈቃድ መሥራት ጀመረ። ይህን ሁሉ የምዘረዝርልህ እርሷን ለመውሰድ ምክንያት እየፈለግሁ ስለሆነ እንደሆነ ይገባኛል። ልቤ ወደ አሮጌዋ የሚያደላው በፍቅር ይሁን በዕዳ መለየት አቅቶኛል።

ስለዚህ የምጠይቅህ ይህ ነው። ዝገቱ በስፋት ሦስት ጣት፣ በርዝመት አንድ ስንዝር ያህል ነው፤ የፍሬን ካቦ ወደሚያልፍበት መካከለኛው ጉብታ ግን አልደረሰም። የተበላው ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ቢበየድበት ሁለት ሰው ትሸከማለች ወይስ ወለሏ በሙሉ መነሣት አለበት? መብራቷንስ ወደ 12 ቮልት መቀየር በእጅህ የሠራኸው ነገር ነው? ሁለቱም ይሆናሉ ካልከኝ በተባሉት ዋጋ፣ ሳንቲም ሳላስቀንስ እወስዳታለሁ፤ አይሆኑም ካልከኝ አዲሷን ለባለቤቴ እገዛለሁ፤ ለቬስፓዋም የወለሉን ማሠሪያ ከፍዬ ለሌላ ሰው ጤነኛ ሆና እንድትሸጥ አደርጋለሁ።

በደብዳቤ የማይመለስ ከሆነ ዓርብ ማታ ድረስልኝ። አልጋህ እንደ ድሮው ነው፤ ቡናውም የሊሙ ነው። ጋሼ ዘንድ ግን አብረን እንግባ፤ ብቻዬን ለመናገር ሁለት ጊዜ ደጃፋቸው ደርሼ ተመልሻለሁ።

ወንድምህ