ፎቶው ላይ ያለው ቢ17 የአሜሪካው አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ አየር ኃይላችን የመጀመሪያ ዓመታት ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ ቢሾፍቱ ባለው የአየር ኃይል ጣቢያ በሐረር ሜዳ ከተሰለፉት አውሮፕላኖች ፎቶ ሥር «ጀርመንን የደበደበው የአሜሪካ ቢ-17» ተብሏል። ይህ መታረም አለበት። አዳማ ለቢሾፍቱ ቅርብ ናት፤ የአየር ኃይል ጡረተኞችና ልጆቻቸው በየሰፈሩ አሉ። የአባቶቻቸው ሥራ በሌላ አውሮፕላን ስም ሲጻፍ ዝም ተብሎ አይታለፍም።

ፎቶው ላይ ያለው የስዊድኑ ቦምብ ጣይ ሳብ ቢ17ኤ ነው። የአሜሪካው ቦይንግ ቢ-17 አራት ሞተር፣ አሥር ያህል ሠራተኛና 31.6 ሜትር የክንፍ ርዝመት አለው። ሳብ ቢ17ኤ አንድ ሞተር፣ ሁለት ሰውና 13.7 ሜትር ክንፍ ብቻ ነው ያለው፤ ሙሉ ጭነት ይዞም አራት ቶን አይሞላም። ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1940 ነው። ስዊድን ከጦርነቱ ውጭ ስለነበረች በእሷ እጅ አንድም ጊዜ አልተዋጋም። ወደ እኛ መምጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1947 ሲሆን በጠቅላላው ከአርባ በላይ ገብተዋል።

ያመጣቸው ሰው ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ያበረረ፣ በኋላም እስከ እ.ኤ.አ. 1956 አየር ኃይላችንን ያደራጀ፣ በመጨረሻም ሐምሌ 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ ሕይወቱ ያለፈ ሰው ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ከሰማይ ስትደበደብ መልስ የሚሰጥ አንድም የጦር አውሮፕላን አልነበረንም። ከዚያ ከአሥር ዓመት በጥቂቱ በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ የራሳችን ልጆች ቦምብ ጣይ ማብረራቸውን ለዚህ ነው በትክክለኛው ስሙ ማንበብ የምንፈልገው።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ሐረር ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ነው። ሙቀቱ 27 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ በ2,800 ሜትር ላይ እንዳለ አየር ይሳሳል፤ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይጎድላል ማለት ነው። ሞተሩ አየር የሚጨምቅ መሣሪያ ስላለው ከጉልበቱ ብዙውን ይዞ ይቆያል፤ ክንፉና ፕሮፔለሩ ግን የሚያግዛቸው የለም። የፍጥነት መለኪያው ያንኑ ቁጥር እያሳየ አውሮፕላኑ በእውነቱ 15 በመቶ ያህል ፈጥኖ ይሄዳል። ስለዚህ ሲያርፍ ፍሬኑ የሚያስቆመው ጉልበት በሲሶ ያህል ይጨምራል፤ ለመነሳት የሚፈጀው ሜዳ ደግሞ ከዚያም በላይ ይረዝማል። የጭራ ጎማ ያለው አውሮፕላን በዚህ ፍጥነት መሬት ሲነካ አፍንጫው ትንሽ ከመስመር ከወጣ ዞሮ ክንፉን መሬት ላይ ይጥላል። ቦምብ የጫነ በረራ በማለዳ ቢደረግ የሚሻለው ለዚህ ነው።

ከሁሉ የከፋው ቦምብ ለመጣል አፍንጫ ደፍቶ መወርወሩ ነው። ለምሳሌ መለኪያው በሰዓት 400 ኪሎ ሜትር እያሳየ በ45 ዲግሪ ቢወርድ፣ ከባሕር ወለል አጠገብ በየሰከንዱ 79 ሜትር ከፍታ ያጣል። በሐረር ሜዳው ስስ አየር ግን 90 ሜትር ነው። አብራሪው የስበትን አራት እጥፍ ተሸክሞ ቢያቃናው፣ ለመቃናቱ ብቻ 120 ሜትር ይበቃ የነበረው ወደ 155 ይደርሳል። በዚህ ላይ ከፍታ መለኪያው የሚቆጥረው ከባሕር ወለል ከሆነ፣ 2,500 የሚለው ቁጥር ከመሬት 600 ሜትር ብቻ ነው። ከቆላማው አውሮፓ የመጣን መመሪያ እንዳለ መከተል ሰው ይገድል ነበር።

ለዚህ መወርወር የተለየ የአየር ፍሬን የለውም። አብራሪው የአውሮፕላኑን የጎማ እግሮች ያወርዳል፤ የእግሮቹ ሰፋፊ ሽፋኖች አየሩን ገትረው ፍጥነቱን ይይዙታል። ስለዚህ እግሩን አውርዶ በሰማይ የሚታይ ቢ17 ሁሉ «ሊያርፍ ሲል» ተብሎ አይጻፍበት።

መካኒኮቹም መረሳት የለባቸውም። ሞተሩ ስዊድን በጦርነቱ ጊዜ ከአሜሪካ መግዛት ስላልቻለች አገሯ ውስጥ አስመስላ የሠራችው ትዊን ዋስፕ የተባለው የአሜሪካ ሞተር ነው፤ 14 ሲሊንደር፣ 28 ካንዴላ፣ 1,065 የፈረስ ጉልበት። የአየር መንገዳችን የጥንቶቹ ዲሲ-3 አውሮፕላኖች ሞተርም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ሲሊንደሮቹ ዙሪያውን ስለተደረደሩ፣ ቆሞ ሲያድር ዘይት ወደ ታችኞቹ ይወርዳል። ዘይት አይጨመቅም፤ በዚያው ቢነሳ ፒስተኑ ይገታና ቢየላው፣ ማለትም ፒስተኑን ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ብረት፣ ይጎብጣል። ክፋቱ ወዲያው ላይሰበር ይችላል፤ ከብዙ ሰዓት በረራ በኋላ በሰማይ ላይ ይሰበራል። ስለዚህ ከማስነሳት በፊት ለካንዴላዎቹ ብልጭታ የሚሰጠው ማግኔቶ መጥፋቱ ተረጋግጦ ፕሮፔለሩ በእጅ፣ በሚዞርበት አቅጣጫ፣ ሲሊንደሮቹ ሁሉ እስኪያልፉ ይዞራል። ከያዘ አይገፋም። የታችኞቹ ካንዴላዎች ተፈትተው ዘይቱ ይፈስሳል፣ ከዚያ እንደገና ይዞራል። ወደኋላ መመለስ ክልክል ነው፤ ዘይቱ ወደ አየር ማስገቢያው ቱቦ ገብቶ ሲነሳ ተመልሶ ይሳባል።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የእንግሊዙ ፋየርፍላይ፣ በ1960 ደግሞ ጄቱ ኤፍ-86 መጡና ቢ17 ወደ ዳር ወጣ።

ማረሚያው በሚቀጥለው እትም እንዲወጣ እጠይቃለሁ። የቆየ ፎቶ የሚልኩላችሁ አንባቢዎችም መጀመሪያ ሞተሩን ይቁጠሩ፤ ከፎቶው ጀርባ የተጻፈውን ቀን ገልብጠው ይላኩ። ስም ስታትሙም የአብራሪውን ብቻ አትጻፉ። ከኋላ ተቀምጦ ሬዲዮውን፣ ካርታውንና የኋላውን መትረየስ የያዘው ሰው፣ እንዲሁም ከጎን የቆመው መካኒክ ስማቸው ከታወቀ አብሮ ይታተም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ፣ ከአዳማ